ባሌስትራው ለምን ይሰበራል? ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ

ከደብረ ማርቆስ የተነሣነው ሐሙስ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። የአንድ ትንሽ የአውቶቡስ ድርጅት ዋና መካኒክ ብሆንም የዚያን ቀን የተሳፈርኩት ለጥገና አልነበረም። የአንዱ አውቶቡሳችን የኋላ ባሌስትራ፣ ያ የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። ሦስቱም ጊዜ ከእንጅባራ ወዲያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ሾፌሩን ጋሽ አስረስን ሊያሰናብት ቆርጧል።

"አብረኸው ሂድና አነዳዱን አይተህ ንገረኝ" አለኝ።

ጋሽ አስረስ ለምን እንደተሳፈርኩ ገብቶታል። ቡሬ ላይ በሃያ አምስት ሳንቲም ሽሮ ስንበላ ቀና ብሎ አየኝ።

"የአምስት ልጆች አባት ነኝ። ያየኸውን ብቻ ተናገር።"

"ከዚያ ሌላ አልናገርም፣ ጋሼ" አልኩት።

እንጅባራ፣ ስድስት ሰዓት

ከቲሊሊ ጀምሮ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፈነው፤ ብርዱም ካፖርቴን አልፎ ገባ። እንጅባራ ላይ አንድ ነጋዴ በጣሪያው ላይ ሦስተኛ ጆንያ ድንች ልጨምር ብሎ ለመነ። ጋሽ አስረስ "ይበቃል" ብሎ መለሰው። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ ያልፋል። ጥፋቱን ስፈልግ ግማሽ ቀን አለፈ፤ አላገኘሁበትም።

አዲስ ቅዳም ሳንደርስ ድንጋያማ የወንዝ መሻገሪያ አለ። ከተሻገርን በኋላ ጋሽ አስረስ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ አቆመ። "የሚሰበረው እዚህ ነው" አለኝ።

ከመንገዱ ዳር ካለው ቤት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወጡ። እመት ጥሩነሽ ይባላሉ፤ መኪናው በተሰበረ ቁጥር መንገደኛውን ያስጠለሉት እሳቸው ናቸው። ከጎረቤታቸው ጋር በአገውኛ ያወሩ ነበር፤ እኛን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ።

"ደግሞ ተሰበረባችሁ?"

"ዛሬስ ደህና ነን፣ እመት። የድሮውን ስብራት አይተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ማየትማ! ስባሪውን ጥላችሁ፣ የቀረውን በገመድ አስራችሁ ስትሄዱ አነሣሁት። አንዱን መጥረቢያ አሠራሁበት፤ ሌላው እቤት አለ።"

ያወጡልኝን ብረት ተቀብዬ አገላበጥኩት። የተሰበረው መሐል ለመሐል፣ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነው። መሐሉ ላይ እንዲህ የሚሰበረው ባሌስትራውን ከአክሱ፣ ጎማዎቹን ከያዘው ዘንግ፣ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ሲላሉ ነው። አዲስ ባሌስትራ ጥቂት ቀን ሲሠራ ይረግጋል፤ ያኔ የብሎኑ ማሰሪያ ዳዶ ይላላልና እንደገና መጥበቅ አለበት። ይህን ሙያውን ስማር ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሦስቱንም ደብረ ማርቆስ ጋራዣችን ውስጥ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ አንዱንም ግን ተመልሼ አላጠበቅሁም። አውቶቡሱ ማታ ገብቶ ጧት ይወጣል፤ ጠይቆኝ የሚያውቅም የለም።

የብሎን መፍቻዬን ይዤ ከአውቶቡሱ ሥር ገባሁ። ባለፈው ሳምንት የገጠምኩት የባሌስትራ ዳዶ ላልቶ ኖሮ፣ ሳጠብቀው አንድ ሙሉ ዙር ዞረልኝ። ወጥቼ አቧራዬን ሳላራግፍ "ጋሼ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ትነግረዋለህ?" አለኝ።

"እነግረዋለሁ።"

ዳንግላ፣ ከዚያም መልስ

ዳንግላ አድረን በማግሥቱ ተመለስን። ሥራ አስኪያጁ ሰምቶኝ ሲያበቃ በንዴት ብድግ አለ።

"ታዲያ አንተን ላባርር?"

"ካሰኘዎት ያባርሩኝ። ግን በእኔ ቦታ የሚመጣውም ጊዜ ካልተሰጠው እንደኔው ያደርጋል። አዲስ ባሌስትራ የገባለት መኪና በሳምንቱ ሳይፈተሽ አይውጣ። የተሰበረውም ብረት ለምን እንደተሰበረ ሳይታወቅ አይጣል።"

"መንገደኛ ይጠብቅልኛል ብለህ ነው?" ብሎ አጉረመረመ፤ እሺም እምቢም አላለም። ጋሽ አስረስን ግን አላሰናበተውም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ የተሰበረን መጠገን የሥራዬ ግማሽ እንኳ አይደለም። ዳግም እንዳይሰበር ማድረግ ነው ሥራው።

በሳምንቱ ሰኞ ጧት አውቶቡሱ ሞልቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ እኔ ገና ከሥሩ ዳዶውን እየፈተሽኩ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ "ሰዓቱ አልፏል፣ ንዳው!" እያለ ሲጮህ ሰማሁ። ሞተሩ ጠፋ። አንገቴን ብቅ ሳደርግ ጋሽ አስረስ ከመሪው ወርዶ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት።

"እሱ ጨርሶ ሳይወጣ አልነሣም" አለ።