መምህሩ ያልረገጡት ረግረግ

እህቴን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ከጀርባዋ «ጓጉንቸሯ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ደግሞ «ዶክተር»። እኔ ታናሿ ስለሆንኩ «እትዬ» ነው የምላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአውራ ጣቴ ጥፍር እምብዛም በማትበልጥ እንቁራሪት ፍቅር ተይዛ፣ ባል መጣ ሲባል መስክ፣ ሠርግ ተጠራሽ ሲባል መስክ፣ እናታችን ታመመች ሲባል ብቻ ከነጭቃ ጫማዋ ከች የምትል ሴት ናት። እልኸኛ ናት። እኔም ብሆን አላንስም፤ ግን ከኔ እልህ ቢያንስ ልብስ ይወጣል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዋን ያስረዳችኝም በሙያዬ ነው። «ልብሱ ልክ የሆነላቸው ሰዎች ቁመት፣ ወገብና ትከሻ ተጽፎ ቢሰጥሽ፣ ሌላ ሰው ሲመጣ ይሆነዋል አይሆነውም ማለት ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። እንቁራሪቷ የተገኘችበትንና ያልተገኘችበትን ቦታ ሁሉ ትሰበስባለች። የእያንዳንዱን ቦታ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ከፍታና የአፈር እርጥበት ለኮምፒውተሩ ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ ማንም ሄዶ ያላየውን አገር ሳይቀር፣ ሊስማማት የሚችለውን አረንጓዴ፣ የማይስማማትን ነጭ ቀብቶ ካርታ ያወጣል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ አሾፍኩባት። ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

መረጃው አብዛኛው የእሷ አይደለም፤ የመምህሯ ነው። ጋሼ እንላቸዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሜዳና ተራራውን ዞረው፣ በየደብተሩ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን እየጻፉ፣ ጫፉ ላይ «ተገኘች» ወይም «አልተገኘችም» ብለው በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው አስፍረዋል። አባታችን ከሞተ በኋላ እትዬን እጇን ይዘው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። የጋሼን ደብተር መጠራጠር ለእሷ አባትን መጠራጠር ነው።

ከአራት ዓመት ወዲህ እንቁራሪቷን ያያት የለም። መጨረሻ የታየችበት የኮረብታ ምንጭ ደረቀ። እትዬ ካርታዋን ይዛ አረንጓዴ የተቀባውን ኮረብታ ሁሉ አራት ክረምት አሰሰችው፤ የለችም። በዚህ መሃል ከከተማው በታች ያለውን ትልቁን ረግረግ አድርቆ መጋዘን ለመሥራት ታሰበና መሥሪያ ቤቱ «የእንቁራሪቷ መኖሪያ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቃት። ካርታዋ ላይ ረግረጉ ነጭ ነው። በጋሼ ደብተር አሥራ አንድ ጊዜ ተሄዶ አሥራ አንዱንም ጊዜ «አልተገኘችም» ተብሏል። «አይደለም» ብላ ፈረመች። በወሩ ቦይ ተቆፈረ፤ ውሃውም መውረድ ጀመረ።

አንድ እሁድ ጋሼን ልንጠይቅ ሄድን። የጉልበታቸው ሕመም ጠንቶባቸው ሶፋ ላይ እግራቸውን ዘርግተዋል። ባለቤታቸው ሻይ እየቀዱልን ይቀልዱባቸዋል።

«ዛሬ የታመመ እንዳይመስላችሁ። በጉብዝናውም ረግረግ ሲያይ ከመኪና አይወርድም ነበር። መስኮቱን ዝቅ ያደርግና ትንሽ አዳምጦ ‹የለችም፣ ንዳው› ይላል። አብሬው ሄጄ አይቻለሁ።»

እትዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ረግረጉ ውስጥ ገብተው አያውቁም?»

ጋሼ ጉልበታቸውን አሸት አደረጉ። «ይህ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ከገባ አይወጣልኝም ነበር እኮ ልጄ። ምንጭና ወንዝ ሲሆን ወርጄ በእጄ ነው የምፈልጋት። ረግረግ ሲሆን ግን ድምፅዋን ነበር የማዳምጠው።»

«ድምፅዋ ከሃያ እርምጃ በላይ አይሰማም። ከመንገዱ እስከ ውሃው ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።»

«እሱን አንቺ ነሽ በኋላ የደረስሽበት። ያኔ ማን ያውቃል?»

«ከደረስኩበት በኋላስ? ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ» አሉ ጋሼ።

ኮምፒውተሩ የተሰጠውን ነው የተማረው፤ ረግረግ ባለበት ሁሉ እንቁራሪት የለችም ተባለ፣ እሱም አመነ። «የአንድ ሰው ጉልበት ካርታ ነው ስስል የኖርኩት» አለችኝ መንገድ ላይ። እኔ ሽማግሌውን ሄጄ ልጮህባቸው አማረኝ፤ አሁንም አልወጣልኝም። እሷ ግን በእሳቸው አልተቆጣችም። በራሷ ነው የተቆጣችው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

በማግስቱ የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ዘንድ ገባች። እኔ በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

«ዶክተር፣ ይህ ፊርማ የርስዎ አይደለም?»

«የኔ ነው። ተሳስቻለሁ።»

«ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እኮ። እኔ በቃል ብቻ አላስቆምም። እንቁራሪቷን ያሳዩኝና በዚያው ቀን ሥራውን አስቆማለሁ።»

ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምረግመው አገኝ ነበር።

ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳት። ሦስት ቀን ጭቃ ለጭቃ ዳከርን። የረግረጉ ዳር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ወደ መሃል ሲገቡ ግን ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። ሁለተኛው ቀን ላይ አንድ ጫማዬን በልቶ አስቀረው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የልብስ መስፊያ ክፍሌን የምታህል ኩሬ ዳር ስንደርስ እጇን አነሳች። ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ፣ የማበጠሪያ ጥርስ በጥፍር ሲነካካ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ሰባት ቆጠረች። ቀረጸች፣ ፎቶ አነሳች፣ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ልጅ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ስለ እንቁራሪቷ አይደለም።

ኃላፊው ቃሉን ጠበቀ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ወጣ። በነጋታው አካፋና ዶማ ይዘን ቦዩን ልንደፍን ሄድን። አንድ ቦታ ላይ በደንብ ከተደፈነ ውሃው ይቆማል ብላኛለች። የመጋዘኑ ቦታ ጥበቃ ከቦዩ አፍ ላይ ተነስቶ መንገድ ዘጋብን፤ እጁ ላይ ያው ደብዳቤ አለ።

«እናቶቼ፣ እንዳትቆጡኝ። ‹ማንኛውም ሥራ ይቁም፤ ቦዩን ማንም እንዳይነካ› ይላል።»

«ደብዳቤውን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ» አለችው እትዬ።

«ይሁን እንጂ እናቴ፣ ያለው እንዲህ ነው።»

ከፊታችን ውሃው ኮለል እያለ ይወርዳል። ስልክ ደወለች። ኃላፊው በትህትና አስረዳት፤ መድፈንም ሥራ ነው፣ ጥናት ይፈልጋል፣ ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ኩሬው ዳር ምልክት የተደረገበት ዱላ ተክላ ውሃው በቀን ስንት ጣት እንደሚወርድ ለካች። ኩሬው ሊደርቅ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«እንግዲያው ይዘናቸው እንሂድ፤ ቤት በባልዲ እናኑራቸው» አልኳት።

«የኮረብታው ምንጭ ሲደርቅ ሞክሬዋለሁ። ከውሃቸው ከወጡ ሦስት ቀን አይቆዩም።»

እሷ ደብዳቤውን ከጥበቃው ተቀብላ ደጋግማ አነበበችው። ራሷ ለምና ያስጻፈችውን ወረቀት እንደ ጠላት ጽሑፍ መረመረችው። በመጨረሻ ቀና አለች።

«ውሃ መጨመርስ ይከለክላል?»

ጥበቃው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች አነበበ። «እሱን አይልም» አለ።

ይኸው ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ዳር ቧንቧ ጀሪካን እንሞላለን፤ እስከሚኬድበት በጋሪ፣ ከዚያ ወዲያ ግማሽ ሰዓት በጀርባ። እሷ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እኔ ሃምሳ አንድ። ጥበቃው ሰው በማያይበት ሰዓት ሁለት ጀሪካን ያግዘናል። ትናንት የቆጠርናቸው ሦስት ብቻ ናቸው። በቦዩ የሚወጣውን ውሃ ለክታለች፤ የኛንም ጀሪካን ታውቃለች፤ እንዲህ ያለውን ሂሳብ መሥራት ለእሷ እንጀራዋ ነው። ስንት እንደሚጎድል አልጠይቃትም። እሷም አትነግረኝም፤ ጀሪካኗን አዝላ ከፊቴ ትሄዳለች።