ለመርዶ ስንት ሰው ይሣላል

አምስት ነበርን። እኔ ቁምሳጥን ውስጥ ቆሜያለሁ። ቤቴን የተከራየችው ሠዓሊ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛዋ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች። የስቱዲዮው ባለቤት በሩን ተደግፏል። ድምፅ የሚቀዳው ወጣት፣ በካርቱኑ የጅቡንም ድምፅ የሚሠራው እሱ ነው፣ ከቁምሳጥኑ ፊት መሬት ላይ ኮምፒውተሩን ታቅፎ ተቀምጧል። ካርቱኑን ካዘዘው መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ መሐል ቤቱን ይዞ ቆሟል፤ ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም።

ቁምሳጥኑ ልብስ የለበትም። ድምፅ እንዳያስተጋባ ውስጡን በብርድ ልብስ ለብጠውታል። ስቱዲዮ የሚሉት ራሱ ከቀራንዮ ፌርማታ ገባ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ የተከራዩት አንድ ክፍል ነው። ምድር ቤቱ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው ለምሳ የሚያርፈው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ድምፅ የሚቀዳውም በዚያች አንድ ሰዓት ነበር። ደረጃው ላይ ዱቄት አይጠፋም። ወጥቼ ከመግባቴ በፊት ቀሚሴን አራግፋለሁ።

ጊዜው ጦርነት ነበር። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሑድ እሑድ ጠዋት በቴሌቪዥን ለሕፃናት የሚታይ ካርቱን አዟቸዋል። አንድ ወጣት ወታደር መንደሩን ከጅብ መንጋ ሲጠብቅ ነው ታሪኩ። ጅቦቹ እነማን እንደሆኑ ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር። እኔ ወጣት ሳለሁ ቅስቀሳ የሚመጣው መኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ነበር። አሁን ጅብ ሆኖ ይደንሳል። የገባሁበት ሠዓሊዋ ልጅ ስለለመነችኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ «እማማ፣ የእርስዎ ድምፅ ሳይጮህ ይሰማል፤ የወታደሩን እናት ይሁኑልን» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ልጅቷ አስቀያሚ ነገር መሣል አትችልም። አስፈሪ ጅብ ሣይ ብለዋት ቦርጫም፣ እንቅልፋም፣ ሲሮጥ የሚደናቀፍ ጅብ ሣለች። የሰፈራችን ሕፃናት የመጀመሪያውን ክፍል ካዩ በኋላ ኮብልስቶኑ ላይ እያነከሱ ጅብ ጅብ ሲጫወቱ ሰነበቱ። ወታደር የሚሆን ጠፋ። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ በዚህ ቅር ብሎት እንደነበር ሰምቻለሁ።

ወታደሩን ግን ገና እንዳየሁት አውቄዋለሁ። የቀኝ ጆሮው ጫፍ ታጠፍ ይላል። የወንድሟ ጆሮ ነው። ወንድሟ ከእሷ ጋር ሁለት ዓመት ግቢዬ ውስጥ ኖሯል። ቧንቧዬን የሚጠግንልኝ እሱ ነበር። «እማማ፣ ይህ ቧንቧ በዕድሜ እርስዎን ይበልጣል፤ አንቱ ልበለው?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ግንባር ሄደ። ከፍልሰታ ወዲህ ደግሞ አልደወለም። ስለ ጆሮው እኔ ምንም አላልኳትም፤ እሷም አላነሳችብኝም።

የዚያን ቀን ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«እማማ፣ መጨረሻውን ቀየሩት። እንዲሞት ይፈልጋሉ።»

«ማን?»

«ልጁ።»

ተቀመጪ አልኳት። አልተቀመጠችም።

«እምቢ በያቸዋ።»

«ብያለሁ። ካልሣልሽ ሌላ ሠዓሊ እናመጣለን አሉ። እማማ፣ በገዛ እጄ ባሟርትበትስ? ሌላ ሰው ቢሥለውስ፣ ያው የሚሞተው እሱ አይደል?»

«ጆሮውን ለውጪው።»

«ጆሮው በአምስት ክፍል ታይቷል» አለች። ከዚያ እጇን አየችው፤ የሆነ ነገር የነካው ይመስል በቀሚሷ ጠረገችው።

የሚያጽናና ነገር መናገር አይሆንልኝም። ቁርስ አብልቻት አብረን ታክሲ ያዝን።

ቁምሳጥኑ ውስጥ የሰጡኝ ወረቀት እንዲህ ይላል። መኮንን በር ያንኳኳል። እናት ትከፍታለች። መኮንኑ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቶ የተጣጠፈ ባንዲራ ያስረክባታል። እናት እልል ትላለች። ከዚያ «አንድ ልጅ ነበረኝ፤ አሁን አገር ሙሉ ልጅ አለኝ» ትላለች።

እልልታውን ሞከርኩት። ብርድ ልብሱ ዋጠው።

«እማማ፣ የኔ ሞባይል ባትሪው ሲያልቅ ልክ እንደዚህ ነው የሚለው» አለ የጅቡ ልጅ።

«አንተ ሥራህን ሥራ!» አለው ባለቤቱ።

ሰውዬው አልሳቀም። «እናቴ፣ ኩራት ይኑርበት» አለኝ።

«ይኑርበት። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ግን። ይህ መኮንን ብቻውን ነው የመጣው?»

«አዎ።»

«ሥዕሉ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። በእኩለ ቀን፣ ብቻውን፣ እሷን ደጅ አቁሞ?»

«ካርቱን እኮ ነው፣ እማማ» አለ ባለቤቱ።

«የሚያዩት የዚህ አገር ልጆች ናቸው። እንዲህ የተረዳች እናት አይተው አያውቁም። እኔም አላየሁ።»

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። በሴቶች እድራችን መርዶ ሲመጣ ከሚጠሩት አንዷ ነኝ፤ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስልክ ላይ ሳለሁም በእኔ መስመር መርዶ ሲያልፍ ሰምቼ አላውቅም። «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ና» ነው የሚባለው። ደግሞም ሠዓሊዋ አንድ ጊዜ ነጠላ የለበሰች አንዲት ሴት ስትራመድ ለመሣል ሦስት ቀን እንደፈጀባት፣ ሠርግ ያለበት ፊልም ከመጣ ሥራ እንደምትለቅ ነግራኛለች። ሰው ሲበዛ ሥራ እንደሚበዛ ሳላውቅ አልተናገርኩም። የተናገርኩት ግን ሁሉም እውነት ነበር።

«እርስዎ ቤት መርዶ ደርሶ ያውቃል?» አልኩት ሰውዬውን።

«አባቴ ሲሞት» አለ።

«ለእናትዎ ማን ነገራቸው?»

«ሰፈሩ ነዋ።» ያን ጊዜ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ገና ሳይነጋ መጡ። ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ነው የመጡት። አክስቴ ከእናቴ ኋላ ሄዳ ቆመች።»

«ሲወድቁ ልትይዛቸው ነው።»

«እኔ ልጅ ነበርኩ። ጓዳ ገብተው ቢላዋውን ሁሉ ሲደብቁ አይቼ ነው የገባኝ።»

ሰውዬው ጉልበቱን መታ አደረገ። «ልክ ናቸው። ይሄ መኮንን ከውጭ ፊልም የመጣ ነው። እንደ አገራችን ይሁን።»

«ስንት ሰው?» አለች ልጅቷ። ያን ቀን እዚያ ስትናገር የሰማኋት የመጀመሪያው ነው። ፊቷን አላዞረችም።

«የንስሐ አባት» አልኩ። «የእድሩ ዳኛ። ሁለት ሦስት ሽማግሌ። ሴቶች ከአሥራ አምስት ባያንሱ።»

«ነጠላ ለብሰው?»

«ነጠላ ለብሰው ነዋ። ለኀዘን ነውና ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል።»

«ጥለቱ ይታያል ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ይታያል።»

«ድንኳኑስ?» አለ ሰውዬው። «ድንኳኑ ሲተከልም ይታይ። የሚተክሉት ጎረምሶች አሉ። ሴቶቹም ዝም ብለው አይቆሙም፣ ደረት ይመታሉ። ጎንበስ ቀና ይላሉ።»

የጅቡ ልጅ ባለቤቱን አየው። ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ ማስላት ከጀመረ ቆይቷል።

«ጌታዬ፣ ሠላሳ ሰው ሆነ። ለአንድ ሰከንድ እያንዳንዱን አሥራ ሁለት ጊዜ እንሥለዋለን። ነጠላው ከነጥለቱ፣ ድንኳኑ…» ስልኩን ኪሱ ከተተው። «አንድ ወር ይፈልጋል።»

«የሚተላለፈው እኮ ከነገ ወዲያ ነው!»

«እኔም ይህንኑ ልልዎት ነው።»

ሰውዬው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እንግዲያው መርዶውን እንተወው። ሲወድቅ ብቻ ይታይና ይለቅ።»

የልጅቷ ትከሻ ከፍ ሲል አየሁት።

«እናቱ ሳትረዳ?» አልኩት። «ሳትረዳ እልል አትል፣ አገር ሙሉ ልጅ አለኝ አትል። እኔ የምናገረው አይኖረኝም። ያልተረዳች እናት ልጇ አለ ብላ ነው የምትኖረው።»

«እውነታቸውን ነው» አለ የጅቡ ልጅ። «እናቱ ካልተረዳችማ አልሞተም። ሕፃናቱም ቢሆኑ በሚቀጥለው እሑድ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።»

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ወፍጮው ሊነሣ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር። መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ቀጥሎ የልጅቷን ጀርባ፣ በመጨረሻ እኔን አየ። እስካሁን ምን እንዳሰበ አላውቅም። የእናቱን ቤት አስቦ ይሆናል።

«በሉ ይመለስ» አለ። «ድል አድርጎ ይመለስ። ሲመለስ እናቱ ምን ትለዋለች?»

«አልተጻፈማ» አለ ባለቤቱ።

«ይበሉ እናቴ። ለልጅዎ የሚሉትን ይበሉ።»

የጅቡ ልጅ እጁን አነሣ። ቁምሳጥኑ ውስጥ ጠበቅሁ። እጁን ሲያወርድ ተናገርኩ።

«መጣህ? በል ግባ። ያ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል።»

የልጅቷ ብዕር ቆመ።

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ድል የሚል ቃል ቢገባበት…»

ደገምኩት። «እንኳን በድል መጣህ። በል ግባ። ያ ቧንቧ ዛሬም ያንጠባጥባል።»

«ቧንቧው ግድ ነው?»

«ግድ ነው» አልኩት።

«ይለፍ» አለ።

ከቁምሳጥኑ ወጥቼ ነጠላዬን አስተካከልኩ። የጅቡ ልጅ ቦርሳዬን አቀበለኝ። ልጅቷ አልዞረችም፤ በጎኗ ሳልፍ ጆሮውን እየሣለች ነበር። ከሥር ወፍጮው ተነሣና መስኮቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደህና ዋሉ ብዬ በዱቄታሙ ደረጃ ወረድኩ።