አክስቴ የገለበችው ቀሚስ

ሐኪሙ የልጅ ልጄን ያበጠ ሆድ እየዳሰሰ፣ «ክፉ ዕጢ አይደለም፤ ከልደቷ ጀምሮ የደም ሥሯ መንገዱን ስቶ ነው» አለ። ቆዳዋ ላይ የተጋደሙትን ሰማያዊ ሥሮች ሳይ ፊቴ ጋለ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ሉማሜ ሳለን፣ እኔም እንዲህ ያለ ሆድ ነበረኝ። ገና አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልጆቿ ዛሬም ደግነቷን የሚያወሩላት አክስቴ፣ ከቅዳሴ መልስ በሴቶች ፊት ቀሚሴን ገለበችው።

«እዩልኝ! ውኃ ልቅዳ እያለች ከሶላቶ አርግዛ መጣች!»

«ኧረ እትዬ፣ እኔ ወንድ አላውቅም!»

«ዝም በይ! ስትወልጂ እናየዋለን።»

ሳልወልድ ዓመት አለፈ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም፤ ለልጃቸው ያጩኝ ሰዎችም ተመልሰው አልመጡም።

ሐኪሙ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ከቤተሰብ እንዲህ ያለበት ሰው ነበር?» አለኝ።

ነጠላዬን ሆዴ ላይ ሰበሰብኩና «የለም» አልኩት።