ሎቤዱ በአጥራችን በኩል ያለፈ ቀን

ልጅ እያለሁ መካኒሳ ውስጥ ሜትር የያዘ ሰው አይወደድም ነበር። ሜትር ይዞ የመጣ ወይ አጥር ሊያስነሳ ነው፣ ወይ ቤት ሊቆጥር ነው፤ ቤት የቆጠረ ደግሞ በቤቱ ያለውን ሰው መቁጠሩ አይቀርም። እኛ ቤት የማይቆጠር ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ለብሔራዊ ውትድርና እንዳይወሰድ ከላሞቻችን በረት በላይ ባለው ቆጥ ላይ፣ ድርቆሽ ውስጥ ተደብቆ ይኖር ነበር። ለጠየቀ ሁሉ «ገጠር አጎቱ ዘንድ ሄዷል» እንል ነበር። እማዬ ወተት እየሸጠች ነው ያሳደገችን፤ ወተት ሊገዛ የመጣውን ሰው ግን ጣሳውን ሳይሆን ዓይኑን ነበር የምታየው።

አንድ ጠዋት ሜትርና ረጅም ቀርከሃ የያዘ ጎረምሳ መታጠፊያው ላይ አጥራችንን ሲለካ አገኘነው። ቀርከሃውን ወደ መብራት ገመዱ ሽቅብ ሰቀለ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ግቢያችን አየ፣ ከዚያ እኔን ጠርቶ «ቤት ውስጥ ጉልበት ያለው ወንድ አለ?» አለኝ። ያስጠኑኝን እንደ ጸሎት ወረድኩት፤ «እኔና እማዬ ብቻ ነን።» ፈገግ ብሎ ሄደ። ያቺ ፈገግታ ቤታችንን አመሰች። እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውን ሁሉ በጥርጣሬ ታይ ጀመር። የአጥር ጎረቤታችንን እትዬ ዘምዘምን ሳይቀር ጠረጠረች፤ የእሷም ልጅ ከድር እንደ ጌታሁን በሱቋ ጓዳ ተደብቆ እንደሚኖር እያወቀች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጣሪያችን ቆርቆሮ ተንቀጫቀጨ። ወጥተን ስናይ ጎማው ተቆጥሮ የማያልቅ ሎቤድ፣ ሸራ የለበሰ ዶዘር ጀርባው ላይ በሰንሰለት ጠፍሮ፣ በቀስታ እየመጣ ነው። ሰፈሩ ናፍጣና የጋለ ጎማ ሸተተ። ያ ባለ ሜትር ለካ የሎቤዱ ረዳት ኖሯል፤ ከፊት ከፊት እየሄደ በቀርከሃው የመብራት ገመድ ያነሳል። ሾፌሩ፣ ጢሙ በአቧራ የነጣ ጎልማሳ፣ ወርዶ ለእማዬ አስረዳት። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ይህን ክብደት ስለማይችል በእኛ በኩል ዞረው የጅማን መንገድ ሊይዙ ነው፤ ተሳቢው እንዲታጠፍ አጥራችን ለትንሽ ጊዜ መነሳት አለበት፣ መልሰው ይተክሉታል። ይህን ማን ሊያምን! አንዱ ከሸራው ስር ያለው ታንክ ነው አለ፣ ሌላው ቤት ሊያፈርሱ ነው አለ። እማዬ ደግሞ «አጥሩ ሰበብ ነው፣ በረቱን ሊፈትሹ ነው» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

ሾፌሩ ከበረቱ ጥግ ያለውን የአጥር እንጨት ሲነቅል ቀና አለና ከቆጡ ላይ የተንጠለጠለውን የጌታሁንን እግር አየ። እኔም አየሁ፤ ማየቱንም አየሁ። እጁን አራግፎ ወደ እማዬ ሄደ።

«እናቴ፣ ልጁን ይስጡኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዶዘሩ ጋቢና ውስጥ ይተኛል፣ ሸራ አለበት። ኬላ ላይ ወረቀቴን ያያሉ እንጂ እላይ ወጥቶ የሚፈትሽ የለም። ጅማ እህቴ ጋ አስቀምጠዋለሁ።»

«የምን ልጅ?» አለች እማዬ ፊቷ ሳይለወጥ። «ወንድ ልጅ የለኝም።»

«እሺ እናቴ» ብሎ ወደ አጥሩ ተመለሰ።

እትዬ ዘምዘም ግን በፈረሰው አጥር በኩል ቆማ ሰምታ ኖሮ «የኔን ውሰደው» አለችው። እማዬ ክንዷን ይዛ «አብደሻል? በገዛ እጅሽ ልታስረክቢው ነው?» ብትላት፣ «እዚህስ ቢሆን ማን ሊያቆይልኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። ከድር ሸራ ለማሰር እንደሚያግዝ ሰው ከረዳቱ ጋር ዶዘሩ ላይ ወጣ፤ ረዳቱ ሲወርድ እሱ አልወረደም። ሾፌሩ አጥራችንን ከድሮው አጥብቆ ተክሎልን ሄደ። ይህም እማዬን አስጠረጠራት። «ተመልሶ ሊመጣ ባያስብ እንዲህ አይደክምም ነበር» አለች።

ወሩ ሳይሞላ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡና በቀጥታ ወደ በረቱ ሄዱ። ጌታሁንን ፀጉሩ ላይ ድርቆሽ እንደተጣበቀ ወሰዱት። ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እማዬ ግን «ያ ሾፌር ነው» አለች፣ እኔም አመንኳት። ከድርንም እዚያው ኬላ ላይ አስረክቦት ይሆናል ብለን ለእትዬ ዘምዘም በሆዳችን አዘንን፤ ወሬውን ግን ልንነግራት አልደፈርንም።

መንግሥት ሲለወጥ ከድር ሚስትና ልጆች ይዞ ከጅማ መጣ። በሾፌሩ እህት ቤት እንደ ልጅ ተይዞ መኖሩን ሲያወራ እማዬ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ጌታሁን ግን ከሰሜኑ ጦር ግንባር አልተመለሰም። ዛሬም ድርቆሽ በሸተተኝ ቁጥር ቀና ብዬ ቆጥ እፈልጋለሁ።

አሁን የምኖረው ለቡ ነው። ሎቤድ ኤክስካቫተር ጭኖ በየቀኑ በደጄ ያልፋል፤ ልጆቼ ከስልካቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩትም። ባለ ሜትር ሲመጣ ወንበር አውጥተው ይሰጡታል፣ ስሙን ይጠይቁታል። አለመፍራታቸው አንዳንዴ ያስደነግጠኛል፣ አንዳንዴ ያስቀናኛል። እማዬ አርጅታ ከእኔ ጋር ናት። ከድር በዓል በመጣ ቁጥር ሊጠይቃት ይመጣል፣ ጉልበቷን ይስማል፣ ሲያጫውታት ይውላል። በሩን ዘግቶ ሲወጣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቀኛለች።

«ያ ሾፌር ሰላይ ነበር፣ አይደል?»

ከድር ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ በመስኮት እያየሁት፣ «አዎ እማዬ፣ ሰላይ ነበር» እላታለሁ።

«አላልኩሽም?» ትልና ዓይኗን ትጨፍናለች።