ከአስፋልቱ ማዶ የተከፈተው ካፌ

ቆቦ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ጀበና ቡና ስሸጥ ስምንት ዓመት አልፎኝ ነበር። የምሠራው ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እኔ አፈላለሁ፣ እሷ ትቀዳለች። መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ከዋጃ ለገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ደንበኞቻችን ነበሩ። ማን በጨው፣ ማን በስኳር፣ ማን በጤና አዳም እንደሚጠጣ እህቴ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ከማዶ አዲሱ ፎቅ ሲያልቅ፣ ደሴና ወልዲያ ቅርንጫፍ ያለው አንድ ካፌ ምድር ቤቱን ተከራየው። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። የቡና ማሽኑ ሲገባ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፤ ማኪያቶ የሚጠጣ ሌላ፣ ጀበና የሚጠጣ ሌላ ነው ብዬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መምህራኑ መሻገር ጀመሩ። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ይቀመጥ የነበረ አንድ የሂሳብ መምህር፣ ዓይን ለዓይን እንዳንገጣጠም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አለፈኝ።

እህቴ እዚያ መቀጠሯን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ማታ ቤት ስንገባ ጠየቅኳት።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው። ሰኞ እጀምራለሁ።"

"ሳትነግሪኝ?"

"ብነግርሽ እሺ ትዪኝ ነበር?"

አልላትም ነበር። "እትዬ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ከሰል ሳራግብ መኖር አልፈልግም" አለችኝ። ስለ ራሷ ነበር የተናገረችው፤ እኔ ግን የተሰደብኩ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ያህል ከአንድ ትሪ አልበላንም። ጠዋት የካፌውን አረንጓዴ ሸሚዝ ለብሳ ቀድማኝ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ በመስታወቱ ውስጥ ስትመላለስ አያታለሁ፤ እሷም ባዶ በርጩማዎቼን ታያለች።

አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ መብራት ጠፋ። ቆቦ ላይ መብራት መጥፋቱ አዲስ አይደለም፤ ወዲያው የካፌው ጀነሬተር ሲጮህ እንሰማለን። የዚያን ቀን ግን ድምፅ የለም። ለስልጠና የመጡ ሠላሳ የሚሆኑ እንግዶች ከሁለት መኪና ወርደው ካፌው ገብተዋል። ትንሽ ቆይቶ እህቴ ወጣች። አንድ አይሱዙ እስኪያልፍ በእግሯ ጫፍ ቆማ ጠበቀችና እየሮጠች ተሻገረች።

"ለሠላሳ ሰው ቡና አፍዪልን" አለችኝ፣ ሰላም ሳትለኝ።

"ማነው የላከሽ?"

"ሥራ አስኪያጇ። የጀነሬተሩን ነዳጅ ትናንት ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ረሳሁት። ማደያው ዛሬ ነዳጅ የለውም። እንግዶቹ ቡና ሳይጠጡ ከሄዱ አንቺም አብረሻቸው ውጪ ብላኛለች።"

እሺ አልኳትና ሦስቱንም ጀበናዎች ጣድኩ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሰሉ ከላይ አመድ ለብሷል። ማራገቢያውን አነሳሁና መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እንግዶቹ ቢታገሡ ሃያ ደቂቃ ነው። ከዚያ ይነሳሉ፤ እህቴም ሸሚዙን አውልቃ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ምንም ማድረግ አይጠበቅብኝም፤ አለማራገብ ብቻ ነው።

እህቴ ግን እሳት ታውቃለች። መጀመሪያ ጀበናዎቹን፣ ከዚያ ከሰሉን፣ ከዚያ እጄን አየች።

"እየጠፋ ነው" አለች።

"አያለሁ።"

"ሆን ብለሽ ነው?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። "እንድትመለሺልኝ ነው" አልኩ።

አልጮኸችም። ማራገቢያውን ከጭኔ ላይ አንስታ አቧራው ላይ ተንበረከከችና ማራገብ ጀመረች። አመዱ ቦነነና አረንጓዴ ሸሚዟን አለበሰው። ከሰሉ ሲቀላ፣ ቀና ሳትል "ስኒ አዘጋጂ" አለችኝ። እኔ ተነስቼ ስኒ ማጠብ ያዝኩ። ስጣደፍ አንዱን ሰበርኩት።

ጀበናዎቹን ይዘን ስንሻገር አንድ ባጃጅ ቆመልን። ካፌው ውስጥ ሁለት እንግዶች ተነስተው ቦርሳቸውን ይዘዋል። ሥራ አስኪያጇ በሩ አጠገብ እጇን አጣምራ ቆማለች። እህቴ ቀጥ ብላ ወደ ቆሙት ሰዎች ሄዳ የመጀመሪያውን ስኒ ቀዳች። አንደኛው ቀመሰ፣ ጓደኛውን አየውና ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ከጠጣ በኋላ ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። "እዚህ ጥግ ላይ ጀበና ቢያፈሉልንስ? የኛን ልብስ እንሰጥዎታለን።"

"የራሴ ቦታ አለኝ" አልኳት።

ማታ እህቴ ሸሚዟን ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ዛሬ አልችልም። ተናድጃለሁ" አለች። ይቅር ለማለት ብዙ ቀን ወሰደባት፤ እኔም አላስቸኮልኳትም።

ካፌው ጥጉን ለሌላ ሴት ሰጠ። የቀሩኝ ደንበኞች እያነሱ ሲሄዱ ክፍሏን ለቅቄ መናኸሪያው በር ላይ ሸራ ወጠርኩ። እዚያ ሾፌርና ተሳፋሪ አይጠፋም። ካፌው ሮቢት ላይ ሌላ ቅርንጫፍ ሲከፍት ኃላፊ ያደረገው እህቴን ነው። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ የምትሳፈረው ከሸራዬ ፊት ለፊት ነው፤ ከመሄዷ በፊት አንድ ስኒ ትጠጣለች። ራት አብረን እንበላለን። ስለ ሥራ ግን እስካሁን አናወራም።