በበሬ የተገዛ ግራፊክስ ካርድ

ባለፈው ሳምንት ባሕር ዳር የምትማረው ልጄ ማህሌት በስልኬ አንድ ሠንጠረዥ ላከችልኝ። የሕንፃ ንድፍ የምትሠራበት ኮምፒውተር ስለደከመባት ምስሉን የሚያፋጥን ግራፊክስ ካርድ ልትገዛ አስባለች። በአንድ በኩል የአራት አምራቾች ስም፣ ቀጥሎ የሚሞሪው መጠን፣ ቀጥሎ የሚሞሪው ፍጥነት፣ መጨረሻ ላይ ዋጋው ተደርድሯል። ከሥሩ «አባዬ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ?» ብላለች። ሳየው ሳቄ መጣ። እኔም የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ በሃያ አራት ዓመቴ፣ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ላይ አስምሬው ነበር።

ያን ጊዜ ከጓደኛዬ ከጀማል ጋር ደብረ ታቦር ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ከፍተን ነበር። የጀማል አባት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የምንሠራው በሱቃቸው ጓዳ ስለነበር ልብሳችን ሁልጊዜ አዲስ አቡጀዲ አቡጀዲ ይሸት ነበር። ጀማል ካሜራ ይይዛል፣ እኔ ደግሞ የተቀረጸውን በኮምፒውተር እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ። የዚያን ዓመት ሙሽሮች ግን አዲስ አመል አመጡብን። ባሕር ዳር ተሠርቶ የመጣ የሠርግ ቪዲዮ አይተው ኖሮ ሁሉም በልብ ቅርጽ ውስጥ እንዲታዩና ጽጌረዳ እንዲዘንብባቸው ፈለጉ። በጥር የጉና ተራራ ብርድ ጥርሱን እያንቀጫቀጨው የሚያገባ ሙሽራ ጽጌረዳ ምን እንደሚሠራለት እሱ ይወቅ። አበባ የሚያዘንበው ፕሮግራም ደግሞ ያለ ግራፊክስ ካርድ አልነሳም አለ። በጥር ወር የሦስት ሠርግ ሥራ ተቀብለናል። ካርዱ ካልተገኘ ደንበኞቹ ወደ ባሕር ዳር መሄዳቸው፣ ቤታችንም መዘጋቱ ነው።

እኔ ግን ከጭንቀቱ ይልቅ የማወቅ ጉጉቱ አሸነፈኝ። ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ ስለ ካርድ የተጻፈ ገጽ አሳትሜ እመለሳለሁ። አንዱን ቺፕ አራት አምስት አምራቾች እየወሰዱ የየራሳቸውን ካርድ እንደሚሠሩበት ያወቅሁት ያኔ ነው። ልቡ አንድ ሆኖ አንዱ ፈጣን ሚሞሪ ይሰጠዋል፣ ሌላው ዘገምተኛ ሚሞሪ ሰጥቶ በሚያምር ካርቶን ይሸፍነዋል። ይህን ማወቄ ሚስጥር እንዳገኘ ሰው አኮራኝ። ጀማል ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ሜጋባይት ሚሞሪ ከመቶ ሃያ ስምንቱ ይበልጣል፣ በቃ፣ ትልቁን እንግዛ ይል ነበር። ጎተራው ቢሰፋ አፉ ጠባብ ከሆነ እህሉ ጥቂት በጥቂት ነው የሚወጣው እያልኩ ሞገትኩት። በመጨረሻ መጠኑ አነስ ብሎ ሚሞሪው እጅግ የሚፈጥነውን መረጥኩና በቀይ ከበብኩት። ጀማልም ሙግቱ ስለሰለቸው እሺ አለ።

የቀረው መግዣው ነው። በጉና ግርጌ ገብስና ድንች የሚያርሱት አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አዲስ የወጣ ድንች ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ቀረበልን። እየላጥኩ፣ እፍ እያልኩ ነገሩን አስረዳኋቸው። ውቂያው አልቆ ስለነበር ሁለቱ በሬዎች፣ ዳልቻና ቦራ፣ ከደጅ ገለባ ይበላሉ። አባቴ ወደ እነሱ ሲያዩ ቆዩና ዳልቻን እንሸጠዋለን አሉ። ቦራን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ሊያርሱ ነው። ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ዓይኔ ደብተሩ ላይ ነበር። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እቃው እሳቸው ሳያዩት እንዳይገዛ።

ዳልቻ ተሸጠና ከአባቴ ጋር ወደ ባሕር ዳር ወረድን። አስፋልቱ ገና አልደረሰንም ነበርና ወረታ ስንደርስ ሁለታችንም ከአቧራው ብዛት ቅንድባችን ነጥቷል። እዚያ አንድ እስር እሸት ሽምብራ ገዝተን ባሕር ዳር እስክንገባ እየፈለፈልን በላን። ኮምፒውተር ሻጩ የእኛው አገር፣ የእብናት ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ ሰው። ለአባቴ ወንበር ሰጣቸው። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ ስለ ሚሞሪው ፍጥነት፣ ስለ ሜጋኸርዝ ስጠይቅ አባቴ ካርዱን ተቀብለው እንደ በሬ ጥርስ አገላብጠው አዩት። ማን እንደሠራው ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ጠየቁ፤ ሻጩ ነገራቸው። ቀጥለው ወደ ሻጩ ዞረው፦

«ስንት ይበላል?» አሉት።

አፈርኩ። በሱቁ ውስጥ ሌሎች ገዢዎችም ነበሩ። «አባ፣ ይኸ እኮ እቃ ነው፣ አይበላም» አልኳቸው፣ ቀስ ብዬ።

«የሚሠራ ሁሉ ይበላል፣ ልጄ። ድርቆሽ ለሌለው ቤት ብዙ የሚበላ በሬ አይገዛም።»

ሻጩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩና ስለ ዋስትና ጠየቅሁት። ጥያቄው እዚያው ላይ ቀረ። ሻጩ ካርዱን በራሱ ኮምፒውተር ሰክቶ አሳየን፤ ምስሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እኔ ደስ ብሎኝ ልከፍል ስል አባቴ እጄን ያዙኝ። በአገራችን በሬ የሚገዛ ሰው ወስዶ ይጠምደዋል፤ ካልሄደለት ይመልሳል።

«በእሱ ቀንበር ሄዷል፣ አየሁ» አሉ ለሻጩ። «በእኛም ቀንበር እንየው። እስከ ቅዳሜ ካልሄደ ትቀበለናለህ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻጩ ግን ሳቀ። የእሱም አባት የከብት ነጋዴ ነበሩ። እንደ ከብት ገበያ ውል እጁን ዘርግቶ የአባቴን እጅ መታ። እኔ ብሩን ከፍዬ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

አባቴ ደብረ ታቦር አላደሩም፤ ወደ ቀያቸው ወጡ። እኔና ጀማል ካርዱን ሰክተን ኮምፒውተሩን አበራን። ማራገቢያው አንዴ ዞረና ጸጥ አለ። ነቅለን ሰካን፤ ዞረና ጸጥ አለ። በሦስተኛው ጀማል ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አነሳ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ካርዱ የሚፈልገው የኤሌክትሪክ ኃይል በዋት ተጽፏል። የእኛ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ፣ ኃይል የሚያድለው ሳጥን፣ የሚሰጠው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ያን የሚያህል ደብተር ስሞላ የሚበላውን የምጽፍበት አንድ መስመር አላሰመርኩም። ሳሩን አይቼ ገደሉን ሳላይ፣ ደግሞም ገደሉን የሚያሳየኝን ሰው አፍ ዘግቼ። ዳልቻ ከደጅ ቆሞ ገለባ ሲያኝክ ፊቴ ላይ መጣብኝና የእውነት አለቀስኩ።

ዓርብ ብቻዬን ባሕር ዳር ወረድኩ። ሻጩ ገና ሲያየኝ ገባው። እኔን አልወቀሰኝም። «አባትህ ጠይቀውኝ ነበር እኮ» አለና ካርዱን ተቀበለኝ። ሚሞሪው ዘገምተኛ የሆነውን፣ ግን ጥቂት የሚበላውን፣ ከሌላ አምራች ሰጠኝ፤ የዋጋውን ልዩነት በካሜራ ካሴት ወሰድኩ። የአባቴን እጅ ባይመታ ኖሮ ሊቀበለኝ ምንም ግዴታ አልነበረበትም። ያ ካርድ በሦስቱም ሠርግ ላይ ጽጌረዳ አዘነበ፤ አንዳንዴ እየተንቀራፈፈ፣ ግን አዘነበ። ሙሽሮቹ ፍጥነቱን አልለኩም።

ለጥምቀት አባቴ ሲመጡ «ሄደልህ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሄደ፣ አባ። እንዲያውም ሻጩ የተሻለ ለወጠልኝ» አልኩ። «ደግ» አሉና ስለ ሌላ ነገር አወሩ።

በዚያ ዓመት በመቀናጆ አረሱ። መቀናጆ ተራ አለው፤ የጎረቤት ማሳ ሳይታረስ የእሳቸው አይታረስም። ገብሳቸው ዘግይቶ ተዘራ፣ ሳይጎመራ ውርጭ መታው። በዓመቱ ሌላ በሬ ገዛሁላቸው፤ ሁለት ቀን ጠምደው አይተው ነው የተቀበሉት። ስለ ካርዱ ግን አንድም ቀን አላነሳሁ።

አሁን ሰማንያን አልፈዋል፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የማህሌትን ሠንጠረዥ እንዳየሁ ስልኬን ይዤ ወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን የጥንቱን ነገር ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳቸው። ካርዱ አልሄደም ነበር፣ ሻጩ ለጥያቄዎ እንዲመልስ ብተወው ኖሮ ይህ ባልሆነ፣ ዋሸሁዎት አልኳቸው።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«አውቄያለሁ» አሉ። «ያለ ጭማሪ የተሻለ በሬ የሚለውጥ ነጋዴ የት አገር አየህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ደበቅኋቸው ብዬ ነበር። ለካ ውርጭ በመታው ማሳ መካከል ቆመው ሳይቀር እሳቸው ናቸው እፍረቴን የሸሸጉልኝ።

ወደ ስልኬ ዘንበል አሉ፤ ዓይናቸው እንደማያነብ እያወቁ። «የልጅቷስ ስንት ይበላል?» አሉኝ። ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። አምራቹ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ፍጥነቱ አለ። የሚበላው የለም። ለማህሌት የጻፍኩላት ያንኑ ነው፤ አያትሽ ስንት ይበላል እያሉ ነው፣ ሌላውን ተይውና መጀመሪያ እሱን ጠይቂልኝ አልኳት። የጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም።