የሌለው ሄሊኮፕተርና የዶኛ ካሲልዳ ቡና

በዳንሊ ከተማ አደባባይ ፊት ለፊት ባለችው ካፌ የምንውል ሰዎች ስለ ዓለም ፖለቲካ የማናውቀው ነገር የለም። ሥራ ስለሌለን ነው። ወይዘሮዋ ዶኛ ካሲልዳ ግን ሥራ ነበራቸው። የኒካራጓ ድንበር ከጓሯቸው አጥር ቀጥሎ በሚጀምርበት ተራራ ላይ ቡና ያለሙ ነበር። ፖለቲካ በደጃፋቸው ገብቶ አያውቅም። ሲመጣም በደጃፍ አልመጣም፤ ከላይ ወረደ።

ጣጣው የመጣው በማስጫው ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ዶን ፋኩንዶ የታጠበ ቡና የሚሰጣበት ሰፊ ሜዳ በሲሚንቶ ለስነውላቸው ነበር። ተራራው እንደ ተጨማደደ ልብስ ስለሆነ በዚያ ሁሉ አገር ብርጭቆ ቢያስቀምጡ የማይንሸራተትበት ሌላ ቦታ የለም። ይህን ዶን ፋኩንዶ ያውቁ ነበር። በኋላ ደግሞ አንድ ሄሊኮፕተር አብራሪ አወቀ።

ድንበር ማዶ ያለውን የኒካራጓን መንግሥት ሊገለብጡ የተሰበሰቡ ታጣቂዎች ከእርሻው በታች ሰፍረዋል። ጫማቸውን፣ ጥይታቸውንና የታሸገ ሥጋቸውን የሚልክላቸው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች ምንም እንዳይልክ በሕግ ከልክሎታል። ስለዚህ ታጣቂዎቹ የሉም፤ ጫማው የለም፤ ሄሊኮፕተሩም የለም። የሌለው ሄሊኮፕተር ታዲያ በየሁለት ቀኑ ማስጫው ላይ ያርፋል።

ባረፈ ቁጥር ቡናው ይነሳል። የዶኛ ካሲልዳ ዶሮዎች በዶሮ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ደመና አይተው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ያለ ጥሬ መልቀም ንቀዋል። የሰፈሩ ቄስ በስብከት መካከል ከአንገታቸው ሥር ሦስት የቡና ፍሬ አውጥተዋል። የዚያ ዓመት ምርት ግማሹ ወደ ኒካራጓ በረረ፤ ግማሹ ሳይደርቅ ሻገተ። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ ከሆነ እርሻውን ትተው፣ ከተማ ወርደው የሰው ልብስ ከማጠብ ሌላ ዕጣ አልነበራቸውም። ለኛም ደጋግመው የነገሩን ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ በአካባቢው ወዳለው የሀገራችን ጦር ሰፈር አዛዥ፣ ወደ ኮሎኔል ኦብዱልዮ ሄዱ።

«ሄሊኮፕተር የሚባል ነገር የለም፣ ዶኛ ካሲልዳ» አለ ኮሎኔሉ።

«ቡናዬን ማን አበነነው ታዲያ?»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋሱ መነጽር አድርጎ ነበር። እጁንም አወዛወዘልኝ።»

«ጨዋ ነፋስ ነዋ» አለና ወደ ምሳው ተመለሰ።

ከዚያ በአውቶቡስ ዋና ከተማ ወረዱ፤ ወደ ራሳችን ፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት። አንድ ክራባት ያደረገ ጸሐፊ ግማሽ ቀን አስጠብቆ ተቀበላቸው።

«እናቴ፣ ፕሬዚዳንታችን በሀገሪቱ መሬት ሁሉ ላይ ሥልጣን አላቸው፤ ከእርስዎ ማስጫ በስተቀር።»

«የጦሩ አዛዥ እሳቸው አይደሉም እንዴ?»

ጸሐፊው በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮሎኔሉ ሲደውል ፕሬዚዳንቱ ከወንበራቸው ተነስተው ነው የሚያናግሩት። እኔ አልነገርኩዎትም።»

«ገባኝ። አንተም የለህም» አሉት ዶኛ ካሲልዳ።

አዲሱ ቡና ቀልቶ፣ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ማስጫ አጥቶ በጆንያ እንደ ተቀመጠ ወሬ መጣ፦ ከአሜሪካ ምክር ቤት አንድ መርማሪ ይመጣል፤ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ማክበሩን በዓይኑ ሊያይ ነው። ኮሎኔሉ ተደናገጠ። በማግስቱ አንድ መኪና ሙሉ ወታደር ደረሰና የሄሊኮፕተሩን ማረፊያ ምልክት ፍቆ፣ የዶኛ ካሲልዳን ቡና ከጆንያው እያወጣ ማስጫው ላይ ያሰጣው ጀመር። እሳቸው በር ላይ ቆመው አፋቸውን ያዙ። ማረፊያውን እርሻ ለማስመሰል እርሻቸውን መልሰውላቸው ነበር።

መርማሪው ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው፣ ቋንቋችንን ከመጽሐፍ የተማረ ግሪንጎ ነው፤ አሜሪካዊን እንዲህ ነው የምንለው። ዶኛ ካሲልዳ ቶርቲያ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ በባቄላ አቀረቡለት። ኮሎኔሉ ከኋላቸው ቆሟል።

«ሕጉ ግልጽ ነው፣ እመቤቴ» አለ መርማሪው። «ፕሬዚዳንታችን ወደዚህ አንዲት ጥይት መላክ አይችልም።»

«አይችልም ሲሉ አቅም አጥቶ ነው ወይስ አልተፈቀደለትም?»

«አልተፈቀደለትም።»

«የኔም ፍየል ጎመኑ ጓሮ መግባት አልተፈቀደላትም።»

ግሪንጎው ይበልጥ ቀላ። ደብተሩን አወጣ። «እዚህ ሄሊኮፕተር ያርፋል?»

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ዶኛ ካሲልዳ ወደ ማስጫው አዩ። ገና ውሃው ያልተንጠፈጠፈ ቡና ነው፤ ለመድረቅ አሥር የፀሐይ ቀን ይፈልጋል።

«አያርፍም» አሉ። «ግን የሌለው ሄሊኮፕተር ቡናዬ እስኪደርቅ እንዳይመጣ ለፕሬዚዳንትዎ ይንገሩልኝ። ከተቻለ ደግሞ እርስዎ እዚሁ ይቆዩ። አልጋ አለኝ።»

መርማሪው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ጽፎ ሄደ።

በዚያው ከሰዓት ዶኛ ካሲልዳ ካፌያችን መጡ። ተቀምጠው አያውቁም ነበር፤ ተቀመጡ።

«እናንተ ሥራ ፈቶች፣ ዛሬ ሥራ አመጣሁላችሁ» አሉ። «ሄሊኮፕተሩን የሚያስቀረው የእንግዳ ወሬ ብቻ ነው። እንግዳ አምጡልኝ።»

የኮሎኔሉ ሾፌር ዘወትር ማታ ማታ እኛው ጋ ይጠጣል። ጆሮው ከጉሮሮው ይሰፋል። እሱ ሲገባ ጠብቀን ድምፃችንን ከፍ አደረግን። መጀመሪያ አንድ ሴናተር ማክሰኞ ይመጣል አልን። ማክሰኞ ሲያልፍ፣ ሴናተሩ ሆዱን ስላመመው ሐሙስ ከጳጳስ ጋር ይመጣል አልን። ለሐሙስ ደግሞ አሥራ ሁለት ጋዜጠኛና አንዲት በቅሎ የምትፈራ ፎቶ አንሺ ጨመርንበት። እኔ በበኩሌ አንድ እግሩ እንጨት የሆነ ዳኛ አዋጣሁ። እስከ ዛሬ የምኮራበት ፈጠራዬ ነው።

ኮሎኔሉ ሁሉንም አመነ። ወታደሮቹ ጠዋት ጠዋት ቡናውን ያሰጣሉ፤ በየሰዓቱ በእንጨት መቧጠጫ ያገላብጡታል፤ ደመና ሲያዩ በሩጫ ይሸፍናሉ። ዶኛ ካሲልዳ ከኋላቸው እየተከተሉ «በስሱ፣ በስሱ፣ ልጄ፤ ቡና ነው፣ እስረኛ አይደለም» ይላሉ። በዚያ ተራራ እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን ያየ ቡና ኖሮ አያውቅም። ሰባት ፀሐይ አገኘ። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ መጠንከር ጀመረ። ሦስት ቀን ብቻ ቀረው።

በስምንተኛው ቀን ኮሎኔሉ ራሱ መጣ፤ ፊቱ በርቷል።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ዶኛ ካሲልዳ። ምክር ቤቱ ሕጉን ለወጠ። ፕሬዚዳንቱ የፈለገውን እንዲልክ ተፈቀደለት። ከዛሬ ጀምሮ ሄሊኮፕተሩ አለ።»

ዶኛ ካሲልዳ መቧጠጫውን ይዘው ቆሙ። «ካለ እንግዲህ መክሰስ እችላለሁ?»

«እንዴታ። አሁን የሚከሰስ ነገር አለ።»

«ለማን?»

«ለፕሬዚዳንቱ።»

«ለየትኛው? የኛው አይችልም። ያኛው የተከለከለ ጊዜ እንኳ አልተመለሰም፤ ዛሬ ተፈቅዶለት ሊመለስልኝ ነው?»

ኮሎኔሉ አሰበበት። ማሰቡ ሳያልቅ ከሸንተረሩ ጀርባ የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ተሰማ። ዶኛ ካሲልዳ ብርድ ልብሱን ከአልጋቸው ገፈው ሮጡ፤ ወታደሮቹም ከልምድ የተነሳ አብረዋቸው ሮጡ። የሸፈኑት አንዲት ጥግ ነው። በዚህ ጊዜ ሄሊኮፕተሩ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በሙሉ ክብሩ አረፈ። ሰባት ፀሐይ ያየው ቡና በአንድ ትንፋሽ ወጥቶ በሸለቆው፣ በዶሮዎቹና በወታደሮቹ ላይ ዘነበ።

ዶኛ ካሲልዳ አሁን ከተማ ናቸው። ከካፌያችን ጀርባ ልብስ ያጥባሉ። ደንበኞቻቸው በብዛት ከእርሻው በታች የሰፈሩት ታጣቂዎችና የኮሎኔሉ ወታደሮች ናቸው፤ ሁሉም አሁን በሕግ ስላሉ ንጹሕ ዩኒፎርም ያስፈልጋቸዋል። አልፎ አልፎ ከኪስ፣ ከኮሌታ እጥፋት ፍሬ ቡና ይወጣል። እሳቸው ይለዩትና በመስኮቱ ደፍ ላይ ያሰጡታል።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ የሰበሰቡትን ቆጥረው ሳይሆን በዓይናቸው መዝነው አሳዩኝ። እፍኝ አይሞላም።

«ደንበኞቼ በዚሁ ከቀጠሉልኝ» አሉ ሳሙናውን ከክንዳቸው እየጠረጉ፣ «በአርባ ዓመት አንድ ጆንያ ይወጣልኛል። ሂድና መስኮቱን ዝጋልኝ፤ ሄሊኮፕተሩ ሊያልፍ ነው መሰለኝ።»